ፊቱ የእኔ ነው

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሰው ፊት መናገርም ያሳፍረኛል። ባለፈው እሑድ ግን ሕክምና የምትማረው የእህቴ ልጅ፣ በቆዳ ሐኪሞች ጉባኤ ላይ የታየ ፎቶ በስልኳ አሳየችኝ። ስለ አዲስ መድኃኒት ነው አለችኝ። ፎቶው ላይ ያለው ጉንጭ ብቻ ነው።

«የማን ነው?» አልኳት።

«የታካሚ ነዋ አክስቴ፤ ስም አይጻፍም።»

እኔም በደርግ ጊዜ እንዲህ ለጉባኤ የቀረብኩ ጉንጭ ነበርኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታችን አዲስ አበባ ጥግ፣ ሀና ማርያም፣ ከአባቴ የጤፍ ማሳ ዳር ነበር። በቀበሌው ሱቅ ስኳር እመዝን ነበር። ያኔ ስኳር በኮታ ነውና ሚዛኑ ኋላ ስቆም እኔ ዓይን አፋሯም ሰው መሆኔ ይሰማኝ ነበር። ከጥምቀት በኋላ ግራ ጉንጬ ላይ ነጣ ያለ ነገር ወጣ። ብቆነጥጠው አያመኝም። እናቴ ጸበል ወሰደችኝ፤ እሱ ግን እየሰፋ ሄደ። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ስሄድ ሥጋ ደዌ ነው ተባልኩ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሱቅ ደረሰ። በልጅነቴ አዝላ ያሳደገችኝ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ተራዋ ሲደርስ፣ «ሌላ ሰው ይመዝንልኝ» አለች።

«ኪሎው ከሚረግፍ ጣቷ ጋር ነው እንዴ የሚመዘነው?» አለ አንዱ ከሰልፉ ውስጥ። ተሳቀ። የቀበሌው ሊቀመንበር፣ «ጓድ ጫልቱ፣ እስክትድኚ ቤትሽ ተቀመጪ» ብሎ አሰናበተኝ።

ሐኪሜ ወጣት ነበር። «ድሮ ሰው አንድ ዓይነት ኪኒን ለዓመታት ይውጥ ነበር። አሁን ሁለት መድኃኒት አንድ ላይ እንሰጣለን፤ በወራት ያልቃል» አለኝ። መድኃኒቱን ጀምሬ ሁለት ወር ሲሆነኝ ደግሞ፣ ሐኪሞች ከየክፍለ ሀገሩ ስለሚሰበሰቡ ቀርቤ እንድታይ ለመነኝ። እሺ አልኩ። እምቢ ማለት አልችልበትም ነበር።

መስከረም ነው፤ ጭቃው አልደረቀም። ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ የተቀቀለ በቆሎ እየፈለፈልኩ እስከ ጎፋ በእግሬ ሄድኩና አውቶቡስ ያዝኩ። አዳራሹ መሐል ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ሐኪሞቹ ተሰልፈው አንድ በአንድ ጉንጬን አዩ። ዓይኔን አስጨፍነው በጥጥ እየነኩ፣ «እዚህስ? እዚህስ?» አሉኝ። ከዚያ በላዬ ላይ በእንግሊዝኛ ማውራት ጀመሩ። አንዱ የሆነ ነገር ሲል ሁሉም ሳቁ። ሳቁ የሱቁን ሰልፍ አስታወሰኝ። ሳላስበው ብድግ አልኩ።

«ምን ተባለ? በአማርኛ ንገሩኝ።»

«የሐኪም ወሬ ነው ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሉ አንድ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ።

«ፊቱ የእኔ ነው። ካልነገራችሁኝ አልቀመጥም።»

ሐኪሜ ፊቱ ቀላ። «በአንቺ አልሳቅንም፤ ድሮ እኛም ታካሚ ለመንካት እንፈራ በነበረው ነው የሳቅነው። ግን ልክ ነሽ። የተባለው ይሄ ነው፦ መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ማስተላለፉን ያቆማል። አንቺ ዛሬ ለማንም አታስተላልፊም። ሥራሽን መሥራት ትችያለሽ።»

«ታዲያ ይሄን እዚህ ለእናንተ ብቻ ነው የምትናገሩት? በሉ ጻፉልኝ።»

ሽማግሌው ራሳቸው ብዕር አወጡ።

በቀጣዩ የኮታ ቀን ማንም ሳይጠራኝ ሄጄ ሚዛኑ ኋላ ቆምኩ። ወረቀቱን ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«ማን ፈቀደልሽ? ውጪ!» አለ ሊቀመንበሩ።

«አልወጣም። ጎትታችሁ አውጡኝ።»

ሊቀመንበሩ በር ላይ የቆሙትን ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች አያቸው። እነሱም እርስ በርስ ተያዩ። ማንም አልቀረበኝም፤ ሊነኩኝ ፈርተዋል! ስንት ቀን ያስለቀሰኝ ፍርሃታቸው ያን ጠዋት ዘብ ቆመልኝ። ፀሐይዋ ከረረች፤ ሰዉ ስኳር ይፈልጋል፤ እኔ ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩ። ድምፄ ሲዘጋ እትዬ ዘነበች ሰልፉን ትታ ወደ ፊት መጣች።

ዛሬ ጉንጬ ላይ ምንም የለም። ሐኪሞች መሰብሰባቸውን፣ አዲስ መድኃኒት ማግኘታቸውን እወዳለሁ፤ ያዳነኝ እሱ ነው። ግን ቆሜ ባልጠይቅ ኖሮ ድኜም ቤቴ ተቀምጬ እቀር ነበር። እትዬ ዘነበች ይቅርታ አልጠየቀችኝም። በዚያው ሰሞን ገጠር ልጇ ጋ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ያን ጠዋት ከረጢቷን ከፍታ ፊት ለፊቴ ዘረጋችና እንዲህ አለችኝ፦

«መዝኚልኝ እንጂ፣ ምን ታፈጪብኛለሽ? እንዳታጎድይብኝ ደግሞ!»