የአዝመራ እሑዶች

የመጀመሪያው ዝናብ በደረቅ አፈር ላይ ሲያርፍ የሚነሳው ሽታ በአፍንጫዬ በገባ ቁጥር፣ ልቤ አስመራ፣ ማይ ጭሆት ሰፈር ከነበረው ቤታችን ተነስቶ ወደ ምሥራቅ ኮረብቶች ይገሰግሳል። እኛ በትግርኛ አዝመራ የምንለው የመጋቢትና የሚያዝያ ዝናብ ነው፤ አማርኛው በልግ ይለዋል።

በበጋ ብዙም አንወጣም ነበር፤ ሜዳው አቧራ፣ ሣሩ ገለባ ይሆን ነበር። አዝመራ ሲገባ ግን አባቴ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከዘራውን ይዞ ከፊት፣ እኛ የሰፈር ልጆች ከኋላ ሆነን፣ ከአስመራ ወጥተን አገሩ ወደ ባሕር ቁልቁል እስከሚሰበርበት አፋፍ ድረስ እንሄድ ነበር። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ረፋድ ላይ ነጩ ጉም ከታች ከሸለቆው እንደሚገነፍል ወተት ሽቅብ ይነሳል፤ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዱና በረዶው ይከተላሉ። አባቴ ጉሙን «ግመ» እያለ፣ ነፋሱን፣ ደመናውን፣ ካፊያውን አንድ በአንድ በትግርኛ ስማቸው ያስጠራን ነበር።

መምህር ነበር። የኤርትራና የኢትዮጵያ ፌዴሬሽን ፈርሶ የትግርኛ መጻሕፍት ከክፍል ሲወጡ፣ ዕድሜውን ሙሉ በአፍ መፍቻው ያስተማረውን በአማርኛ እንዲያስተምር ታዘዘ፤ አስተማረም። ይህን የምጽፍበትን አማርኛ የተማርኩት ከእሱ ነው፤ ቋንቋው ምንም አልበደለኝም። እሑድ ግን የራሱ ቀን ነበር።

አንድ ዓመት አዝመራው ቀደም ብሎ ገባ። በከተማው መውጫ ወታደሮች ኬላ ተክለው ነበር። የትምህርት ቤቱ ኃላፊም አባቴን ጠርቶ፣ ልጆች ሰብስቦ ኮረብታ ላይ በትግርኛ ማስተማር እንደ ስብሰባ እንደሚቆጠር ነገረው። እናቴ እንዲተወው ለመነችው። «አዝመራው ሲያልፍ እተወዋለሁ» አላት። በሚቀጥለው እሑድ ይዞን ወጣ።

አፋፉ ላይ ደርሰን፣ እኛ አበባ ልንለቅም ተበታትነን ሳለ፣ አንድ አስር አለቃ ከሁለት ወታደሮች ጋር ከኋላችን መጣ። አባቴን ምን እንደሚያስተምር፣ ማን እንደላከው ይጠይቀው ጀመር። ጥያቄው ሳያልቅ ጉሙ ወጣ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ፈጥኖ ሲመጣ አላየሁም፤ የገዛ እጄ ጠፋብኝ። በጉልበቴ ተንበርክኬ ሣር ጨበጥኩ።

አባቴ በየስማችን ይጣራ ጀመር። አስር አለቃው ጩኸቱን ለሽፍታ የሚሰጥ ምልክት አድርጎ ስለወሰደው ዝም እንዲል አዘዘው። አባቴ ተጣራ። ድጋሚ አዘዘው፤ ቀጥሎ ጠመንጃ ሲቀባበል ሰማሁ።

«አስር አለቃ፣ ልጆቹ ገደል አፋፍ ላይ ናቸው» አለ አባቴ፣ ክፍል ውስጥ በሚናገርበት ድምፅ። «መተኮስ ካለብህ ተኩስ፤ እኔ መጣራቴን አላቆምም።»

ከዚያም ስሜን ጠራ፦ «ሰናይት!»

«ኣለኹ» አልኩ። የሌሎቹም ድምፅ ከየአቅጣጫው መጣ። ሳባ፣ የጎረቤታችን ልጅ፣ አልመለሰችም። ደጋግሞ ጠራት። በረዶው ጀርባችንን ይደበድበው ጀመር፣ እሱ ግን አላቋረጠም፤ በመጨረሻ ከታች በኩል የቀጠነ ድምፅ «ኣለኹ» አለ። ቁጭ እንድትል፣ ወደ ድምፁ እየዳኸች እንድትመጣ ነገራትና፣ እንድትከተለው ብሎ ዳዊት ይደግም ጀመር። ጭቃ በጭቃ ሆና እግሩ ሥር ደረሰች። ወታደሮቹ አልተኮሱም።

ጉሙ ሲገለጥ ግን እጁን የኋሊት አሰሩት። ሲወስዱት ዞር ብሎ፣ ቀዩ አፈር ስለሚያንሸራትት ሣር ሣሩን እየረገጥን እንድንመለስ ነገረን። እያለቀስን ሣር ሣሩን እየረገጥን ተመለስን።

እናቴ በእግር መሄድ አትወድም ነበር፤ እሑድ ማረፊያዋ ነው። የዚያን ሳምንት ከቤት ወደ እስር ቤት ስንቅ ስታመላልስ ሰነበተች። እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ የአባቴን ጫማ ጨርቅ ወትፋ ተጫማችውና «ተነሺ» አለችኝ። ብዙዎቹ ወላጆች ልጆቻቸውን ከለከሉ፤ አልፈርድባቸውም። የሳባ እናት ግን ሳባን በእጇ ይዛ በራችን ድረስ አመጣቻት።

ኬላው ላይ ያው አስር አለቃ ነበር። የት እንደምንሄድ ጠየቀ። የእናቴ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነበር፤ ዝናብ ልናይ እንደሆነ ነገረችው። ጉም እንደሚመጣ አያውቁም ወይ ሲላት፣ ቀና ብላ አየችው።

«ጉም ይመጣል፤ ይሄዳል» አለችው። «እኛ ቤታችን እዚህ ነው።»

አስር አለቃው ሳባን አያት። በገደሉ አፋፍ ስትድህ ያተረፈችው ጭረት ገና ከፊቷ አልጠፋም ነበር። ከቀትር በፊት እንድንመለስ ብቻ ነግሮን የኬላውን እንጨት አነሳው።

እናቴ ከመጀመሪያው ኮረብታ አላለፈችም፤ ጫማው ልጧት ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና አባቴ ያስተማረንን እንድንነግራት ጠየቀችን። እኛም እየተሻማን፣ እየጮህን፣ ሰማዩን እየጠቆምን ነገርናት፤ አንዱን ስም ስትስት ሳቅንባት፤ እሷም ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች። አዝመራው እስኪያልፍ አንድም እሑድ ሳንወጣ አልቀረንም።

ክረምት ሲገባ አባቴ ተፈታ። ከስቶ፣ ጢሙ ሸብቶ ነበር። ወደ ማስተማር አልመለሱትም፤ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ በአንድ የመኪና ዕቃ መሸጫ ሠራ። ዳግመኛ ልጆች ሰብስቦ ላያስተምር እንዲምልላቸውና እንዲፈርምላቸው ጠይቀውት ነበር፤ እምቢ እንዳለ የነገረችኝ እናቴ ናት፣ እሱ አንድም ቀን አላነሳውም።

አሁን የምኖረው አዲስ አበባ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው። ለእሑድ ጉዞ ፈቃድ የሚጠይቀኝ የለም። የልጅ ልጆቼ ጠዋት ስልካቸውን ከፍተው የዝናብ ምልክት ካዩ ከቤት አይወጡም፤ እኔንም ሊያስቀሩኝ ይሞክራሉ፤ ጉልበቴን፣ ዕድሜዬን፣ ጭቃውን ያነሱብኛል። እውነታቸውን ነው። እሰማቸውና ጃንጥላዬን ይዤ እወጣለሁ።