ባቡር የማይሳፈሩት እማማ

ይህ የቀላል ባቡር ጣቢያ ከመሠራቱ በፊት ቦታው የአውቶቡስ መናኸሪያ ነበር። ይህን ያጫወቱኝ ጫማቸው እንደ መስታወት የሚያበራ አንዲት አሮጊት ናቸው፤ ድሮ እዚህ ትኬት ቆራጭ ነበሩ። ዛሬም ባቡር ሲደርስ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» የምትለው ቃል ታመልጣቸዋለች፤ ተሳፋሪውም እየሳቀ ይጠጋል። እሳቸው ግን አይሳፈሩም።

«እማማ፣ ሰው ይጠብቃሉ እንዴ?» አልኳቸው።

«የአውቶቡሳችን ሾፌር እዚችው ጋ ‹ታገቢኛለሽ?› ሲለኝ፣ በሞተሩ ጩኸት ‹ቦታ አለ?› ያለኝ መስሎኝ ‹ሞልቷል!› አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አኩርፎ መስመር ቀየረ! ምን እንዳለኝ የሰማሁት ከሄደ በኋላ ነው።» ከት ብለው ሳቁ። «አሁን ግን ባቡሩም አውቶቡሱም፣ ሁሉም መስመር እዚሁ ነው የሚገናኘው።»

ይህን ሲሉኝ ዓይናቸው ከሚወርዱት ሰዎች ላይ አልተነሳም።