አውድማው ከላይ ሲታይ

የማኅደረማርያም ሥራ ሕልም ይመስላል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ቢሮዋ ውስጥ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ኮምፒውተር ላይ የጋላክሲ ፎቶ ስታይ ትውላለች። ፊት ለፊት የታየው ክብ ነው፤ ክንዶቹን ዘርግቶ ቀስ ብሎ የሚዞር ይመስላል። በጎኑ የታየው ግን ቀጭን መስመር ነው፤ ወገቡንም አቧራ አጥቁሮታል። ላላወቀ ሰው ሁለቱ ዘመድም አይመስሉም። የእሷ ሥራ እያንዳንዱ ምን ያህል እንዳዘነበለ፣ አቧራውም ምን ያህል ብርሃን እንደዋጠ እየለካች እውነተኛ መልኩን መገመት ነው። ትችልበታለች።

የአባቷን ነገር ግን አልቻለችበትም። ቄስ ገብረአብ ከአንኮበር ወጣ ባለች የገጠር ደብር ያገለግላሉ፤ ያርሳሉም። ያጩላትን ዲያቆን እምቢ ብላ ትምህርቷን ስትቀጥል «ከዓይኔ ጥፊ!» አሏት። ጠፋች። ሆኖም በየዓመቱ ገብስ ሲወቃ ሆዷ አይችልም። ሰው እንዳያያት ከመንደሩ በፊት ከመኪና ወርዳ በታችኛው መንገድ ትመጣለች። በአገሩ ልማድ ሴት አውድማ አትገባምና ራቅ ብላ ትቆማለች። ከዚያ ሲታይ አውድማው የተጋደመ መስመር ነው፤ በላዩ የገለባ አቧራ፣ በአቧራው ውስጥ የአባቷ ጀርባ። ሁልጊዜ ጀርባ። አንዴ ዞር ቢሉላት ሮጣ እግራቸው ላይ ትወድቅ ነበር። አይዞሩም። «ዛሬም አልታረቁኝም» ብላ አልቅሳ ትመለሳለች። የሰማዩን ማዘንበል የምትለካ ሴት የራሷን መቆሚያ ለመለወጥ አንድ ቀን እንኳ አለማሰቧ!

ዘንድሮ የክረምቱ ናዳ ታችኛውን መንገድ ዘጋው። ሌላ ምርጫ ስላልነበራት መኪናው የመንደሩን ሰው በሚያወርድበት በላይኛው መንገድ ላይ ወረደች። ቁልቁል ስታይ ነፋሱ አቧራውን ወደ ገደሉ እየወሰደው ነበር። አውድማው ክብ ነው። ጎረቤቶች የሚነዷቸው በሬዎች ቢጫውን ገብስ እየረገጡ ቀስ ብለው ይዞራሉ። ለአፍታ ሰማይ ላይ ሆና የምታይ መሰላት። አባቷ ገለባ የሚያነሱበትን መንሻቸውን ተደግፈው ዳር ቆመዋል። ፊታቸው ወደ መንገዱ ነው፤ ወደ እሷ።

መንሻቸውን ጥለው እየተደናቀፉ ዳገቱን ወጡ።

«ማኅደረ... ዘንድሮ መጣሽ?» አሉ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «በየዓመቱ እዚያ ቆሜ መኪናውን አያለሁ። ሰው ሁሉ ይወርዳል፤ አንቺ የለሽም። ይቅር አላለችኝም ብዬ ነበር፣ ልጄ።»

በየዓመቱ ከጀርባቸው ቆማ እንደነበር ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። እንባዋ ቀደማት።