ግብር ጨምሩልኝ ያሉት ሰው

ጋሽ ማረው ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ፍራሽና ብርድ ልብስ ይሸጣሉ። የእኔ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ ከጎናቸው ነው፤ የሚለየን አንድ ቆርቆሮ ስለሆነ ገበያቸው ከእኔ አይደበቅም። የደሴ ብርድ ይመስገንና በደህና ቀን ሁለት ሺህ ብር ይሸጣሉ። ጠይቋቸው እስቲ! «ኧረ ገበያ የለም» ነው መልሳቸው። ለግብር ገማች ብቻ መስሏችሁ? ለሚስታቸውም ለንስሐ አባታቸውም ያው ነው። ሁላችንም እንዲሁ ነን። ገበያ ቀናኝ የሚል ነጋዴ አላየሁም፤ ካለም ዓይን ይበላዋል።

ግምት በሚመጣበት ሳምንት ዘዴያችን የታወቀ ነው። እሳቸው ክርኑ የተቀደደውን ኮት ይለብሳሉ፤ አዲሶቹን ብርድ ልብሶች እኔ ተሸክሜ መጋዘኔ እከታለሁ። ገማቾቹ ባዶውን መደርደሪያ ያዩና በቀን መቶ ሃያ ብር ብለው ጽፈው ይሄዳሉ። ከዚያ እንስቃለን።

ንግድ ፈቃዱ ግን በልጃቸው በያዕቆብ ስም ነው። ያዕቆብ ለሱቅ የሚሆን ልብስ ሊያመጣ ታይላንድ ሄዶ እዚያው አግብቶ ቀረ፤ ጽናት የምትባል ልጅም ወለዱ። የመኖሪያ ፈቃዱ የሚታደሰው በሚስቱ በኩል ቢሆንም፣ ገቢ እንዳለው በየዓመቱ በወረቀት ማሳየት አለበት። ጥቂት ዓመት ባንክ ያስቀመጣትን ገንዘብ እያሳየ አሳለፈ። ገንዘቧም በሕፃኗ ሕክምና አለቀች። በ2005 ዓ.ም. ደወለ።

«አባዬ፣ ሱቁ በስሜ አይደል? የአምናውን ገቢ የሚገልጽ ደብዳቤ ከግብር ቢሮ አውጥተህ ላክልኝ። ካልሆነ ከልጄ ይለዩኛል።»

ጋሽ ማረው ስልኩን ዘግተው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ሁለታችንም ያሰብነው ስለ መቶ ሃያዋ ብር ነው።

በማግስቱ አብረን ሄድን። ፋይሉን የምትይዘው ሰዒዳ የምትባል ወጣት ናት።

«ግብሬን ጨምሩልኝ» አሏት።

«አባባ፣ ይቀነስልኝ ለማለት ነው?»

«ጨምሩልኝ ነው የምልሽ! ዋሽቼ ነው ልጄ። በቀን ሁለት ሺህ እሸጣለሁ።»

የተሰለፈው ነጋዴ ሁሉ ዞሮ አየን። አንዱ «ሰውየው ለቀቁ» ሲል ሰማሁ። እኔም ወደ ፊት ወጣ ብዬ «ወላሂ እውነታቸውን ነው፤ ዕቃውን የደበቅሁት እኔ ሰይድ ነኝ» አልኩ። በሃያ ዓመት ንግዴ ቢሮ ገብቼ የተናገርኩት የመጀመሪያ እውነት እሱ ነበር። ሳቁብኝ።

ሰዒዳ ግን አልሳቀችም። «ኮሚቴው አይቶ ይጨምርልዎታል፤ እሱ ግን ለሚመጣው ዓመት ነው። ስለ አምናው የምጽፍልዎ ፋይሉ ላይ ያለውን ብቻ ነው።» እሳቸው በማርያም፣ እኔ በአላህ ለመንናት። ፊቷ እያዘነ መቶ ሃያ ብላ ጻፈች። ማኅተሙን መታችና ሰጠችን።

ሌላ ወረቀት ስላልነበረ ያንኑ ላክንለት። ደብዳቤው በመንገድ ላይ ሳለ ኮሚቴው መጣ። ጋሽ ማረው የፋሲካ ልብሳቸውን ለብሰው ጠበቁ፤ ብርድ ልብሱን እስከ ደጃፍ ደረደርንላቸው። ገማቾቹ ግራ እየተጋቡ ሁለት ሺህ ብለው ጻፉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ከወር በኋላ የታይላንድ ሹሞች ያዕቆብን ይህ ገቢ ቤተሰብ አያስተዳድርም ብለው ፈቃዱን ከለከሉት። ጋሽ ማረው ያንን ግብር ዛሬም ይከፍላሉ።

ልጃቸው የሚመለስ ዕለት ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አብሬያቸው ወረድኩ። ያዕቆብ አንድ ሻንጣ ይዞ ወጣ። ጽናት ከእናቷ ጋር እዚያው ቀርታለች። አባቱ እግሩ ላይ ሊወድቁ ሲሉ አፈፍ አድርጎ ያዛቸው።

ወደ ደሴ ስንመለስ ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት እንደ ጨረሰ ያዕቆብ «ሱቅ እንዴት ነው አባዬ?» አለ።

«ጥሩ ነው» አሉ ጋሽ ማረው፣ ተሳፋሪው ሁሉ እስኪሰማ። «በጣም ጥሩ ነው ልጄ። በቀን ሁለት ሺህ እሸጣለሁ።»

ያዕቆብ ወደ መስኮቱ ዞሮ አለቀሰ።