ከመስኮቱ የነቀልኳት ጥቁር ነገር

ይህንን ለንስሐ አባቴም፣ ለሚስቴም ተንፍሼው አላውቅም። ለእናንተ ልንገራችሁ፤ እናንተው ፍረዱኝ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የትንንሽ አውሮፕላን አጣቢ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ሃያ ሁለት ሰፈር ታክሲ አጥብ ነበር። ብሩክ የሚባል ወጣት መካኒክ፣ «ጋሼ፣ ዕድሜ ልክዎን አጥበው አጥበው ሳይበሩ ሊሞቱ ነው?» ብሎ ካፒቴኑን ለመነልኝና ለሙከራ በረራ ከኋላ ወንበር አስቀመጠኝ።

ተነሣን! አቤት! ሆዴ ወደ ላይ፣ ነፍሴ ወደ ታች! ሰፈሬ ጉርድ ሾላ እንደ ክብሪት ቀፎ ተደርድራ መጣች። ቤቴ! ቆርቆሮዋን አውቃታለሁ፤ ራሴ ነኝ የመታኋት። ግን መስኮቴ ላይ ሽቦ ያላት ጥቁር ነገር ተለጥፋ ከለለችኝ። ታክሲ ስናጥብ መስታወት ላይ የተለጠፈ ጌጥ ነቅለን ማስቀመጥ ደንባችን ነበር። እኔም ጌጥ መስላኝ ነቀልኳት። ወንበሩ ሥር ካለው የብረት ሣጥን ውስጥ ከተትኳትና ክዳኑን ጫንኩባት። ቤቴንም አየሁ! ልጆቼ ግቢ ውስጥ ልብስ ሲያሰጡ አየሁ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ወዲያው ደመና ዋጠን። ካፒቴኑ ፊቱ ያለውን መንገድ ጠቋሚ መሣሪያ በጣቱ ይመታ ጀመር። «ሳተላይቱ ጠፋ! ይሄ ብሩክ ነው ሽቦውን ያላጠበቀው!» ተራራው በየት በኩል እንዳለ አይታይም። ሽቦዋን በዓይኔ ተከተልኳት፤ ከሣጥኑ ወጥታ እዚያው መሣሪያ ውስጥ ትገባለች። ያኔ ገባኝ፤ ከሰማይ ምልክት የምትቀበለው እሷ ኖራለች፣ እኔ ብረት ውስጥ ዘግቼባታለሁ። መናገር አቃተኝ? አላቃተኝም፤ አልተናገርኩም። ቀስ ብዬ መልሼ ለጠፍኳት። ጥቂት ቆይቶ መሣሪያው መንገዱን አገኘ፤ በሰላም ወረድን።

ካፒቴኑ ገና መሬት ከመርገጡ፣ ታች ሲጠብቀን የነበረው ብሩክ ላይ ጮኸበት። «ሽቦውን ሳታጠብቅ ልትፈጀን ነበር!» ብሩክ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ እርስዎ ከኋላ ነበሩ፤ ላልቶ አይተውታል?»

እኔ ምን አልኩ? «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ሰይጣን አይደለም። በዚያው ሳምንት ብሩክ ከሥራው ተባረረ።

ሊሰናበተኝ ሲመጣ ፈራሁ። እሱ ግን፣ «ይልቅ በረራው እንዴት ነበር? ይንገሩኝ እንጂ!» አለኝ። ነገርኩት! እጄን እንደ ክንፍ ዘርግቼ፣ ስለ ቆርቆሮዬ፣ ስለ ልጆቼ ነገርኩት፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀልኝ። ሁሉን ነገርኩት፣ ከሽቦዋ በቀር።

የነቀልኳትስ ባለማወቅ ነው። ዝም ያልኩት ግን እያወቅኩ ነው። ይቅርታውን ከእናንተ አልለምንም፤ የእናንተ አይደለም። የብሩክ ነው።