ባሕር የከለከለኝ ጆሮ

ሐኪሙ ወጣት ነበር። መብራት ያላትን ትንሽ መሣሪያ ከቀኝ ጆሮዬ አውጥቶ ወደ ግራው አስገባት። ቆይቶ በእንግሊዝኛ ነገረኝ፤ የግራ ጆሮዬ ታምቡር ቀዳዳ አለው፣ ቀዳዳው የቆየ ነው፣ ባሕር ውስጥ ጠልቄ መውረድ አልችልም።

«ዛሬ ነው ወይስ መቼም?» አልሁት።

«መቼም» አለኝ።

ሞምባሳ ነበርን። ሚሊኒየሙን ካከበርን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ጎንደር ውስጥ ከምሠራበት ኮሌጅ እኔ ከቤተ መጻሕፍቱ፣ አንዲት ባልደረባዬ ከሬጅስትራር፣ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ተልከን። በመጨረሻው ቀን የፈለገ ሰው የአየር ሲሊንደር አዝሎ ከአሠልጣኝ ጋር ባሕር ውስጥ ይወርዳል ተባለ። ሌሎቹ ይህን የሰሙት እዚያው ነው። እኔ ከአራት ወር በፊት ፕሮግራሙ ላይ አንብቤው ነበር። አራት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቴ፣ አንድ ሆቴል ገንዳ ውስጥ ከሕፃናት ጋር እየተንቦጫረቅሁ ዋና ተማርሁ። ግራ ጆሮዬን ቫዝሊን በነካ ጥጥ እደፍነው ነበር። ውኃ ሲገባው ይመግላል። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ስለሆነ በሽታ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ያሉትን ሁለት የባሕር መጻሕፍት ጥራዛቸው እስኪላላ አገላብጫቸዋለሁ። በሕይወቴ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ካነበብሁት ሄጄ ያየሁት ግን እጅግ ጥቂት ነው። ይህን አንዱን በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነበር።

ከመውረድ በፊት የጤና ቅጽ ይሞላል። እኔ ቅጽ አነባለሁ። «የጆሮ ሕመም ነበረብዎ?» የሚለው ላይ ስደርስ «አዎ» ላይ ምልክት አደረግሁ። ባልደረባዬ ከጎኔ አጮልቃ አየች።

«ውይ አንቺ! ምን አዎ ያስብልሻል? የለም በይ እንጂ!»

«አለብኛ።»

«ወላሂ፣ የሞትሽ ዕለት መልአኩንም ቁጭ አድርገሽ ቅጽ ነው የምታስሞይው።»

እሷ የጎንደር ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ናት፤ ሱቅ ውስጥ ከመጣው ሁሉ ጋር ስትቀልድ ያደገች፣ ነገር የማትፈራ። የራሷን ቅጽ ሳታነብ «የለም፣ የለም፣ የለም» ብላ እስከ ታች ወርዳ ፈረመች። አሠልጣኙ የእኔን «አዎ» አየና ወደ ሐኪሙ ላከኝ።

ስመለስ ጀልባዋ ሄዳለች። ዳር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። ባልደረባዬ ውኃው ከላይዋ ሳይደርቅ ሻሿን እያሰረች መጣች።

«እንዴት ነበር?» አልኋት።

«ምን አለው፣ ዓሣ ነው። ቢጫም አለ። ደግሞ ይበርዳል።»

በጥፊ ልላት ምንም አልቀረኝም። ግን የተናደድሁት በእሷ አልነበረም። አሸዋው ላይ ተቀምጬ ጥርሴን ያፋጨሁት በአባቴና በበቅሎው ነው።

ያደግሁት ከጎንደር በላይ፣ ደጋው ላይ ባለችው ኮሶዬ ነው። ስምንት ዓመት ገደማ ሳለሁ ጆሮዬ ታመመ፤ ክረምቱን ሙሉ መገለ። አክስቴ ለብ ያለ ቅቤ ጠብ አደረገችበት። አልሻለው ሲል ቅጠል ጨምቃ ጨመረችበት፤ ያ ያቃጥል ነበር። በዚያው ሰሞን የአባቴን በቅሎ ኮርቻ ገጥቧት ጀርባዋ መገለ። ለእሷ ቅጠል አልተጨመቀም። አባቴ በማለዳ ተነሥቶ ጎንደር ወዳለው የከብት ሐኪም ይዟት ወረደ፤ ከኋላ እንድነዳለት እኔን አስከተለ። ጆሮዬን በጨርቅ ተወትፌ ያን ሁሉ መንገድ በእግሬ ሄድሁ። ከተማ ስንገባ በሆስፒታል በር አለፍን። ነጭ ጋወን የለበሱ ሰዎች አየሁና «አባዬ፣ ጆሮዬን ይዩልኝ» አልሁት።

«መጀመሪያ በቅሎዋን እንጨርስ» አለኝ።

የከብት ሐኪሙ ቁስሏን አጠበላት፣ መርፌ ወጋት፣ ዱቄት ነሰነሰባት። ልጓሟን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ከዚያ ወደ አገራችን ተመለስን። በቅሎዋ ዳነች፤ ዓመታት አገለገለች። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ በግራዬ በኩል ለሚያናግረኝ መልስ ስለማልሰጥ ኩሩ ነች ይሉኝ ነበር። ዝምተኛ መባሌም ግማሹ ከዚያ የመጣ ነው።

ከሞምባሳ በተመለስሁ በሁለተኛው ሳምንት ኮሶዬ ሄድሁ። አባቴ ደጅ ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል። የሐኪሙን ነገር አንድ በአንድ ነገርሁት።

«ምነው ልጄ፣ ባሕር ውስጥ ምን ጥለሽ ነው? ተዪው፣ እንኳን በሸጋ ገባሽ።»

«ያን ቀን ለምን አላሳየኸኝም?»

«የቱን ቀን?»

«በቅሎዋን የወሰድን ቀን።»

በቅሎዋን ሳነሣበት ፊቱ ፈካ። «ወይ እሷ፣ ሸጋ በቅሎ!» አለ። «አንቺማ ምን አልሽኝ? እሷ ታቃስታለች፤ አንቺ ጨዋ ልጅ፣ ዝም።»

«ዝም አላልሁም። ሆስፒታሉ በር ላይ ነግሬሃለሁ። ‹መጀመሪያ በቅሎዋን እንጨርስ› አልኸኝ።»

«ብያለሁ?»

«ብለሃል።»

«እንግዲያ መሽቶብን ይሆናላ።»

«አልመሸም። ፀሐይ ነበር። ዳቦ ገዝተህ ድልድዩ ላይ ተቀምጠን በላን።»

እጁ ገመዱ ላይ ቆመ። ሸምግሏል፤ ላዝንለት ይገባ ይሆናል። አላዘንሁለትም።

«ታዲያ አሁን ምን ልበልሽ?»

«ነግራኝ ነበር በል።»

«ነግራኝ ነበር» አለ፣ ወደ መሬት እያየ።

«ጮክ ብለህ። ቤት ያሉትም ይስሙ።»

«ነግራኝ ነበር!» አለ ተቆጥቶ።

የወንድሜ ሚስት የያዘችውን ወንፊት እንደያዘች ብቅ አለችና ሁለታችንን አየችን። አባቴ ገመዱን አንሥቶ መግመዱን ቀጠለ። እኔ ቦርሳዬን አንግቼ፣ አድራለሁ ብዬ የመጣሁት ሴት፣ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። መኪና እስኪመጣ ሰዓት ተኩል ቆሜአለሁ፤ ንዴቴ አልበረደም።