የልዑሉ ፈረስ ቤት ሲገባ

ሰፈሩ ሁሉ «ልዕልት» ይላታል እንጂ እሷ ልብስ ሰፊ ነበረች። በልጆች ቲያትር ቤት፣ ከመድረኩ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የንጉሡን ካባ ስትጠግን፣ የዘንዶውን ጅራት በጥጥ ስትሞላ፣ የዘበኞቹን ሱሪ ስታሳጥር ዓመታት ነጎዱ። የልዕልቷን ቀሚስ የሰፋችው በራሷ ልክ ነው፤ ተዋናይቷ ለልክ ስትጠራ «መጣሁ» ብላ የውሃ ሽታ ትሆን ነበርና። ቃለ ተውኔቱንም ሳታስበው ሸምድዳዋለች። መርፌ በጥርሷ ይዛ ከመጋረጃው ጀርባ ከልዕልቷ እኩል ስታነበንብ ያያት ሁሉ ይስቅባት ነበር።

አንድ ቅዳሜ የተዋናይቷ ጉሮሮ ተዘጋ። አዳራሹ በልጆች ጢም ብሏል፤ ወንበር ያጡት በእናቶቻቸው ጭን ላይ ሆነው እግራቸውን ያወናጭፋሉ። ሥራ አስኪያጁ ቀሚሱን አየ፣ ሰፊዋን አየ፣ «ልበሽው» አላት።

«ኧረ ጌታዬ፣ እኔ እኮ ሰፊ ነኝ።»

«ዛሬ አይደለሽም።»

ልዑሉን የሚጫወተው ሰው በሥራ ቀን ፀጉር አስተካካይ ነው። መድረኩ ላይ እጇን ሲይዛት እንደ ቅጠል ትርገፈገፍ ነበርና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ተውኔቱ ውስጥ የሌለ ነገር ተናገረ። «አይዞሽ፤ እኔም ሁልጊዜ እንደፈራሁ ነው» አላት። ቀና ብላ ስታየው እውነቱን ነበር፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ፍቅራቸው ከዚያች ላብ ጀመረ ማለት ይቻላል። ተዋናይቷ ድምፅዋ ሲመለስ ሬዲዮ ጣቢያ ሥራ አግኝታ ሄደች፤ ሰፊዋም በቀሚሱ ውስጥ እንዳለች ቀረች።

ቲያትር ቤቱ ለእድሳት ሊዘጋ ሲል፣ በመጨረሻው ትርኢት ላይ ሁለቱ የምራቸውን ተጋቡ። ልጆቹ እጃቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ። በጭብጨባው መሀል ሥራ አስኪያጁ ልዑሉ በተውኔቱ የሚቀመጥበትን ነጭ ፈረስ፣ ደመናን፣ አንገቱ ላይ ቀይ ጥብጣብ አስሮ እየሳበ ብቅ አለ።

«ልዑልና ልዕልት ያለ ፈረስ አያምርባቸውም» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ደመና የእናንተ ነው።»

ሰውየው ቲያትር ቤቱ ሲዘጋ ፈረሱን የሚያደርግበት አጥቶ ሲጨነቅ እንደከረመ ሙሽሮቹ ያወቁት ኋላ ነው። መጋረጃው ወረደ። ልጆቹ ተረቱ አለቀ ብለው ደስ ብሏቸው ወደየቤታቸው ሄዱ። ሙሽሮቹ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ፈረስ ይዘው ቆመዋል።

«የት ልናስገባው ነው?» አለች ሙሽራይቱ።

«እኔ እንጃ» አለ ሙሽራው። «ተረት ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይነሳም።»

ባለታክሲዎቹ ፈረሱን ሲያዩ መስኮታቸውን እየዘጉ ስላለፏቸው በእግራቸው ሄዱ። ሙሽራው ገመዱን በሩቁ ይዞታል። መድረክ ላይ ሁለት ዘበኞች አንስተው ኮርቻው ላይ ያስቀምጡታል፣ ሁለት ዘበኞች ያወርዱታል፤ ከዚያ ውጪ ፈረስ ነክቶ አያውቅም። ግማሽ መንገድ ላይ ሙሽራይቱ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ «በል አምጣው» ብላ ገመዱን ተቀበለችው።

የተከራዩት ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ ግቢው የእትዬ ሾፌር። እትዬ ሾፌር ዕድሜ ልካቸውን ከነተሳቢው ከባድ መኪና የነዱ፣ ጉልበታቸው ፔዳል መርገጥ እምቢ ሲላቸው ጡረታ የወጡ ባልቴት ናቸው። ከዚያ ወዲህ መስኮታቸው ላይ ተቀምጠው የሚያልፍ የሚያገድመውን መኪና ድምፅ እየሰሙ ሕመሙን መናገር ነው ሥራቸው። በሩን ከፍተው ሙሽሮቹን ከላይ እስከ ታች አዩ፤ ከዚያ ኋላቸው ያለውን አዩ።

«ይሄስ ማነው?»

«ስጦታ ነው፣ እትዬ» አለች ልዕልት።

«ስጦታ ሲሉ እኮ እኔ ብርጭቆ ነው የማውቀው።»

በሠርጋቸው ቀን ከደጅ መመለሱ አላስችል ብሏቸው አስገቡት፤ ደመናም በማግስቱ ውለታቸውን መለሰ። ጽጌረዳቸውን ከሥር ከሥሩ ከረከመው። ገመድ ላይ የተሰጣውን አንሶላ ጫፉን ይዞ ሲያኝክ ልዕልት ከአፉ ጎትታ አስጣለችው። ፀጉር አስተካካዩ ፈረሱ በሩ ላይ ስለቆመበት ሥራ አረፈደ፤ እለፍ ለማለት ድፍረት አጥቶ መሆኑን ለሚስቱ እንጂ ለማንም አልተናገረም። እትዬ ሾፌር የቀረችውን አንዲት ጽጌረዳ ይዘው መጡ።

«ልጆቼ፣ እወዳችኋለሁ» አሉ። «ግን ወይ እሱ፣ ወይ እናንተ።»

ይህ እንዳለ ከበሩ ውጪ ደግሞ ልጆች ይሰለፉ ጀመር። ልዑሉ ፈረሱን ሲጋልብ ለማየት ነው የመጡት። ልዑሉ ቆሻሻ ሊደፋ ሲወጣ «ዘውድህስ?» ይሉታል፤ ልዕልቷ ሽንኩርት ተሸክማ ስትገባ «አገልጋዮችሽ የት ሄዱ?» ይሏታል። «ዕረፍት ወጥተዋል» እያለች ሳቋን ውጣ ታልፋለች።

ከዚያ ዝናብ ጣለ። ደመና ግቢው መሀል ቆሞ ሲረጥብ ነጩ ቀለሙ እንደ ወተት እየተንጠባጠበ በቦዩ ወረደ፤ ከሥሩም ሆዱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ቡናማ ፈረስ ወጣ። ለመድረኩ ብላ ቅዳሜ ቅዳሜ የጠመኔ ዱቄት የምታለብሰው እራሷ ልዕልት ስለነበረች አልደነቃትም። በበሩ ቀዳዳ የሚያዩት ልጆች ግን ክው አሉ።

«ደመናን ሸጣችሁት!» ብላ አንዲት ፍንጭት ልጅ ለቅሶዋን ለቀቀችው። «ይሄ ሌላ ነው!»

ወሬው ከዝናቡ ፈጥኖ ሰፈሩን አዳረሰ። ፀጉር አስተካካዩ በማግስቱ ትከሻው ወርዶ ገባ። «አንዱ ልጅ ‹ፈረሱን የሸጠ ሰው ፀጉሬን አይነካም› ብሎ እናቱን ጎትቶ ወጣ» አላት። «ሌላው ተቆርጦ ሳይጨርስ ነው የወረደው። ግማሽ ራሱን ይዞ ሄደ።»

ልዕልት መሳቅም ማልቀስም አማራት። ልጆቹ ግን ያመኗቸው ከልባቸው ነበር። ሲነጋ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ልጆቹን አስገባቻቸው። የጠመኔ ዱቄት በባልዲ በጠበጠች፣ ብሩሽ አነሳች፣ ዓይናቸው እያየ የፈረሱን አንድ ጎን ነጭ አደረገችው። በዚህ በኩል ደመና፣ በዚያ በኩል ቡናማ። ልጆቹ ፈረሱን ዞረው ወዲህ ያያሉ፣ ዞረው ወዲያ ያያሉ። ከዚያ ዘውዱን አምጥታ ገለበጠችው፤ ከውስጥ የጫማ ካርቶን ነበር።

ፍንጭቷ እጇን አጣምራ ቆመች። «አንቺስ? የእውነት ልዕልት ነሽ?»

«አይ የኔ እናት። ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«ያገባሽውስ? እሱም ጨዋታ ነው?»

ልዕልት ወደ ባሏ ዞረች፤ እሱ እጅጌውን ሰብስቦ ሳህን ያለቀልቃል። «እሱስ የእውነት ነው» አለች። «ባይሆን ኖሮ ሳህን ያጥብ ነበር?»

ልጅቷ አሰብ አድርጋ «ይሁን» አለችና ብሩሹን ከእጇ ወሰደችባት። ያን ቀን ልጆቹ እስከ ክርናቸው ነጭ ሆነው ነው ወደየቤታቸው የተመለሱት። ግማሽ ራሱ የቀረውም ልጅ መጥቶ የፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ወጣ።

የልጆቹ ነገር በዚህ በረደ፤ የእትዬ ሾፌር «ወይ እሱ ወይ እናንተ» ግን እንዳለ ነው። ልዕልት ለፈረሱ ቤት ስታጠያይቅ የሰፈሩ አናጺ ከፍቶት እትዬ ሾፌር ዘንድ መጣ። ለአዲስ ትምህርት ቤት የሠራቸው ወንበሮች ተደርድረው ሲጠብቁ የጭነት መኪናው አልነሳ ብሎታል። እትዬ ሾፌር በምርኩዝ ሄደው ቁልፉን አስዞሩት፣ ሞተሩ ሲያቃስት ጆሯቸውን ጣል አድርገው ሰሙት።

«አልቅስለት እንጂ አትድከምለት» አሉት።

ልዕልት አጠገባቸው ነበረች። የቆመውን መኪና ጎማዎች አየች፣ አናጺውን አየች፤ ከዚያ ሐሳቡ ብልጭ አለላት። «ጎማዎቹ እኮ ደህና ናቸው» አለች። «ሳጥን ልትሠራላቸው ትችላለህ? የሚጎትተውን እኔ አመጣለሁ።»

አናጺው ጋሪውን ሲሠራ እሷ መጎተቻውን ሰፋች። ደረቱን እንዳይልጠው ብላ ቆዳውን በድርብ ሰፍታ ውስጡን እንደ ዘንዶው ጅራት በጥጥ ጠቀጠቀችው። ደመናም ሲታሰርለት ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ወዲያው ግን ጋሪውን ሳብ ሳብ አደረገ፤ መድረክ ላይ መቆም ብቻ ሲሰለቸው እንደኖረ አስታወቀ። ቀጥሎ ማን ይንዳው የሚል ጥያቄ መጣ። ሁሉም ወደ ልዑሉ ዞሩ። ልዑሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ዞር በል» አሉ እትዬ ሾፌር። «እኔ በቁሜ እያለሁ መቀስ የያዘ ሰው ሊነዳ ነው?» ምርኩዛቸውን ለልዕልት አቀብለው፣ ተደግፈው ወጡና ልጓሙን ጨበጡ። ከእግራቸው ሥር ቢያዩ ፔዳል የለም። ፊታቸው ሲፈካ ልዕልት አየች።

«ፍሬኑ የት ነው?» አሉ።

«‹ቁም› ሲሉት ነው፣ እትዬ።»

«ከኔ መኪና ይሻላል» አሉና ነዱት። ወንበሮቹ ሳይጫሩ ደረሱ። ከዚያ ወዲያ አናጺው ሌላ መኪና አልፈለገም፤ «ወይ እሱ ወይ እናንተ» የሚለውም ነገር ዳግም አልተነሳም። እትዬ ሾፌር ጽጌረዳ እንደገና ተከሉ፤ ዙሪያውን ግን አጥር አሳጠሩ።

በቅርቡ ልዕልት የሰፋችውን መጋረጃ ልታስረክብ ጋሪው ላይ፣ እትዬ ሾፌር ጎን ተሳፍራ ነበር። መንገድ ላይ አንድ ትራፊክ ፖሊስ አስቆማቸው። ወጣት ነው፤ ለሥራው አዲስ ይመስላል።

«እናቴ፣ መንጃ ፈቃድ አለዎት?»

ልዕልት መጋረጃውን ወደ ደረቷ ሳበች። እትዬ ሾፌር ግን ቀስ ብለው እጃቸውን ጉያቸው ውስጥ ከተቱና በላስቲክ የተጠቀለለ ካርድ አወጡ። ፖሊሱ አነበበው፤ ገልብጦ አየው፤ ፈረሱን አየ።

«ይሄ እኮ ለተሳቢ ነው።»

«ታዲያ ይሄ ምን እየሠራ ነው? እየሳበ አይደለም እንዴ፣ ልጄ?»

ፖሊሱ ኮፍያውን አስተካክሎ ፈቃዱን በሁለት እጁ መለሰላቸውና ከኋላ ያሉትን መኪኖች አስቁሞ አሳለፋቸው። ልዕልት መጋረጃውን ፊቷ ላይ አድርጋ እስከ ደንበኛዋ በር ድረስ ሳቀች። እትዬ ሾፌር ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው፣ መታጠፊያው ጋ እንደ ደንቡ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩና ታጠፉ።